የጠለለ ጎርፍ

ጎርፍን ሌባ የሚሉት ሰዎች የትርፌን ጓሮ አላዩም። ሌባ ተደብቆ ይመጣል፤ የወሰደውንም ይዞ ይሮጣል። የትርፌ ሌባ ግን ክረምት በገባ ቁጥር እያገሳ፣ በጠራራ ቀን፣ ባለቤቶቹ አፋፍ ላይ ቆመው እያዩት ነበር የሚወስደው።

ቤቷ ከቤሌ ከተማ በታች፣ ምድሩ ወደ ኦሞ ወንዝ ቆላ ማዘቅዘቅ ከሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ ነው። ባሏ ዳልጮ ጎጆውን ሲቀልስ ከእንሰቱ በታች የነበረችውን የውሃ መውረጃ ሕፃን ልጅ በአንድ እግሩ ይዘላት ነበር። በሰባተኛው ዓመት ግን ሰው ከነበቅሎው ቢገባባት የማይታይ ቦረቦር ሆነች። ቦረቦር ደግሞ ወደ ታች ብቻ አያድግም፤ ወደ ላይም ይመጣል። በየክረምቱ ዳሩ እየተናደ ወደ ቤቱ ይጠጋል። በ1955 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትርፌ ከአፋፉ እስከ ቤቷ ግድግዳ በእርምጃ ብትለካው ሠላሳ አንድ ሆነ። በ1956 መስከረም ደግማ ብትለካው ሃያ ሁለት። ቁጥር ከተማረች ወዲህ የምትቆጥረው ነገር ሁሉ ያስፈራት ጀመር።

ቁጥሩንም ፊደሉንም የተማረችው በጸሎት ቤቱ ዳስ ውስጥ ነው። እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ የመጨረሻ ልጇን ፋንታዬን በጀርባዋ አዝላ፣ ከሰሌዳው ፊት ትቀመጣለች። በቤቷ የምትናገረው ወላይትኛ ነው፤ የምትጽፈው አማርኛ። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ አንድ በር ላይ እንደተጋጩ በጎች ይጋፉባት ነበር። የኋላ ኋላ ግን ተራ መያዝ ጀመሩ። እስከ አንድ ሺህ መቁጠር፣ ቀንና ወር መጻፍ፣ ስሟን መፈረም ቻለች። ያን ጊዜ ይህ ለምን እንደሚጠቅማት የሚነግራት ሰው አልነበረም፤ እሷም አልጠየቀችም።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር አቶ ሐብተማርያም የሚባል የውሃ ሥራ ሠራተኛ ከአዲስ አበባ በሶዶ በኩል መጣ። መንደርተኛው በዋርካው ሥር ተሰበሰበ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ተቀመጡ።

“ኦሞ የእኛ ብቻ አይደለም” አለ አቶ ሐብተማርያም። “ከዚህ ወርዶ፣ ብዙ አገር አቋርጦ፣ ኬንያ ድንበር ላይ ካለው ትልቅ ሐይቅ ይገባል። ስለዚህ እኛም እነሱም ወንዙን አብረን እንወቀው፣ አብረን እንያዘው ብለናል። ከዚህ አካባቢ ወደ ኦሞ ከሚገቡት ወንዞች ሦስቱን እንለካለን። ከሦስቱ አንዱ ይመረጣል። በተመረጠው ወንዝ ላይ ጎርፉን የሚይዝ የድንጋይ ክትር ይሠራል። የሚመረጠውም በዚህ ነው።” አንድ ባዶ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ አሳየ። “በዚህ በሚሞላው ውሃ።”

ምን ዓይነት ውሃ እንደሚመረጥ ግን አልተናገረም። ለእሱ ከፀሐይ የደመቀ ነገር ስለነበር መናገር ያለበት አልመሰለውም።

“እንግዲህ” አለ ቀጥሎ፣ “የዞኦ ሻፋን ውሃ የሚጠብቅልን ሰው እንፈልጋለን። ቁጥር የሚያነብ፣ ቀን የሚጽፍ።”

ዞኦ ሻፋ ማለት ቀይ ወንዝ ማለት ነው። የትርፌ ቦረቦር የሚገባው ወደዚህ ወንዝ ነው፤ ቀይ ወንዝም ወደ ኦሞ። ወንዶቹ መሬት መሬቱን ያዩ ጀመር። ጩማ የሚባለው ሽማግሌ፣ ከአፉ ቀልድ የማይጠፋ ሰው፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“የምታነብ አንዲት አለች፤ የፋንታዬ እናት” አለ።

“ወንዝ የሚጠብቅ ወንድ ጠፋና ነው?” አለ አንዱ ከጎኑ።

“ወንዱማ ሞልቷል። ፊደሉን አይቶ ቀንበር እንዳየ ወይፈን ሸሸ እንጂ። አንተ ራስህ ከመጀመሪያው መስመር ነው የበረገግኸው።”

ሰዉ ሳቀ። የትርፌ ስም በአቶ ሐብተማርያም ደብተር ላይ የሰፈረው እንዲያ ነው።

ሥራው ይህ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወደ ወንዙ መሻገሪያ ትወርዳለች። እዚያ በወንዙ ውስጥ ካለ ድንጋይ ጋር የታሰረ፣ በሜትርና በሳንቲም ሜትር ቁጥር የተጻፈበት ሳንቃ አለ፤ ውሃው የደረሰበትን ቁጥር አንብባ ትጽፋለች። ጎርፍ በመጣ ቀን ደግሞ ጠርሙስ ሞልታ፣ ወትፋ፣ ቀኑን በወረቀት ጽፋ ታስርበታለች። በሁለት በሁለት ሳምንት በቅሎ ነጂ መጥቶ ሳጥኑን ወደ ቤሌ፣ ከቤሌም ወደ ሶዶ ይወስዳል።

የመጀመሪያው የበልግ ጎርፍ ሲመጣ ትርፌ ጠርሙሱን ሞላችና ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። የሞላችው ውሃ አይደለም፤ የታመመ ከብት ደም ይመስላል። ይህንን ነው የሁለት አገር ሰዎች ፊት የምታቀርበው? እንግዳ ቤቷ ሲመጣ በቅል የምትሰጠውን ውሃ እንኳ ሁለት ጊዜ አይታ ነው የምትሰጠው። ገበያ የሚሄድ ሰው የከሳውን በሬ ጎትቶ አይሄድም፤ ማሳ የሚያስጎበኝ ሰው አረም ወዳለበት አይወስድም። ከሦስት ወንዝ አንድ ይመረጣል ተብሏል። የሌሎቹ ወንዞች ጠባቂዎች ወንዶች ናቸው፤ እንዳገኙ ሞልተው እንደሚልኩ ታውቃለች። እሷ ግን እናት ናት። ሃያ ሁለት እርምጃ ነው የቀራት።

ጠርሙሱን ይዛ ወደ ቤቷ ወጣች። ውሃውን በእንስራ ገለበጠችና ከነካው ሰው ጋር እንደምትጣላ ተናግራ ከጥግ አኖረችው። ይህን ሥራ እጇ ያውቀዋል። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ ጭማቂው አይደፋም፤ በዕቃ ተደርጎ ይቆያል። ሲጠልል ውሃው ከላይ ይጠራል፣ ከታች ነጩ ቡላ ይረጋል። እናቷ ያስተማረቻት ትዕግሥት ይህ ነው፦ አትንኪው፣ አትነቅንቂው፣ ራሱ ይለያል። በማግሥቱ የጎርፉ ውሃ እንደ ምንጭ ጠርቶ ነበር። ቀስ ብላ፣ ውሃው እንዳይነቃነቅ ትንፋሿን ይዛ፣ ከላይ የጠራውን በጠርሙሱ ሞላችው። የጎደለውንም ከዚያው ጎርፍ ሌላ አጥልላ ጨመረችበት። ከእንስራው ግርጌ የቀረውን ቀይ ጭቃ ወስዳ እንሰቱ ሥር ደፋችው፤ አፈር የሚጥል ወላይታ የለምና።

እንዲህ አድርጋ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ዘጠኝ ጠርሙስ ላከች። አንዱም አላፈሰሰም፤ አንዱም አልደፈረሰም። የቀኑን ጽሑፍ በየወረቀቱ ስትጽፍ አንድ ፊደል ከተጣመመባት ወረቀቱን ቀድዳ እንደገና ትጽፋለች። በሕይወቷ እንደዚያ ተጠንቅቃ የሠራችው ሥራ አልነበረም።

በሐምሌ ሃያ አንድ ቀን እንግዶቹ መጡ። አቶ ሐብተማርያም ሁለት የውጭ አገር ሰዎች አስከትሏል። አንዱ ያን የሚባል ረጅም፣ ፊቱ በፀሐይ የቀላ የሆላንድ ሰው ነው። ሌላው ኤካይ ይባላል፤ ኦሞ ከሚገባበት ከሐይቁ ዳር የተወለደ፣ ኬንያ ነጻ ከወጣች ወዲህ በአገሩ የውሃ ሥራ የተቀጠረ ጠይም ሰው ነው። ኤካይ በእንግሊዝኛ ይናገራል፣ አቶ ሐብተማርያም ወደ አማርኛ ይመልሰዋል፣ ጩማ ደግሞ አማርኛ ለማይሰሙት በወላይትኛ ያደርሰዋል። አንድ ቃል ከአንድ አፍ ወጥቶ ሰዉ ጆሮ እስኪገባ ሦስት አገር ይሻገር ነበር።

ከዋርካው ሥር አቶ ሐብተማርያም ወረቀት ዘረጋ።

“ውሃው ሁሉ ተመርምሯል” አለ። “አፈር የሚያጥበው ወንዝ የትኛው እንደሆነ ታውቋል። ክትሩ የሚሠራው ከሦስቱ በታችኛው ወንዝ ላይ ነው። የቀይ ወንዝ ውሃ ደለል የለውም።”

“ምን የለውም?” አለ ጩማ።

“ደለል። ውሃ አጥቦ የሚወስደው አፈር። የለውም፤ ንጹሕ ነው።”

ጩማ ዞሮ ሰዉን አየ። “ጌታዬ፣ ስሙ እኮ ቀይ ነው። አምና የኔን ማሳ ግማሹን በልቷል። በልቶ አፉን በምን አበሰው?”

ሰዉ ሳቀ፤ ከኋላ ግን አንዲት ሴት አልሳቀችም። ትርፌ ወረቀቱን ከሩቅ ታየዋለች። የተነገረው ነገር ውስጧ ገብቶ ቀስ ብሎ ሲረጋ ተሰማት። የሚፈልጉት ጭቃውን ነበር። የጠራውን ወንዝ ሳይሆን የታመመውን ነበር የሚመርጡት። ሐኪም ቤት የሄደ ሰው ቁስሉን አጥቦ፣ ሸፍኖ፣ ደህና ነኝ ብሎ እንደሚመለሰው እሷም ቁስሏን ሸፍና መለሰቻቸው።

ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም። ዝም ብትል ግን ሃያ ሁለቱ እርምጃ በሁለት ሦስት ክረምት ያልቃል። ብትናገር ደግሞ ፊደል የተማረች ሴት መሳለቂያ ትሆናለች፤ ከእንግዲህ ወደ ዳሱ ልትመጣ ያሰበች ሴት ሁሉ በእሷ ስም ትመከራለች። ፋንታዬ ቀሚሷን ይዛ ትጎትታታለች። ብድግ አለች።

“ጥፋቱ የኔ ነው” አለች በአማርኛ። “ውሃውን እኔ ነኝ ያጠራሁት።”

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ።

“ምን አልሽ?” አለ አቶ ሐብተማርያም።

“ቆሽሾ ነበር፤ ለእናንተ መላክ አፈርኩ። በእንስራ አኖርኩት። ሲጠልል ከላይ ከላዩን ሞላሁት።”

“ዘጠኙንም?”

“ዘጠኙንም።”

አቶ ሐብተማርያም ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አኖረና ግንባሩን ያዘ። “ሦስት ወር!” አለ። “ሦስት ወር በበቅሎ አስጭነን፣ በመኪና አስጭነን፣ የጠራ ውሃ ስንመረምር ከረምን! ጭቃውንስ ምን አደረግሽው?”

“እንሰት ሥር ደፋሁት።”

ዳልጮ ከወንዶቹ መካከል ጋቢውን እስከ ዓይኑ ሳበ። አቶ ሐብተማርያም ለሁለቱ እንግዶች በእንግሊዝኛ ነገራቸው። ሆላንዳዊው አንድ ጊዜ ጠየቀ፣ ደግሞ ጠየቀ። እንዴት እንዳደረገችው ልቅም አድርጋ እንድትነግረው ፈለገ። እሷም ስለ ቡላው ነገረችው፤ አትንኪው፣ አትነቅንቂው፣ ራሱ ይለያል። ኤካይ መሬት መሬቱን እያየ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ከዚያ መቆጣጠር አቅቶት ሳቁ ፈነዳ።

“ምን ይላል?” አለች ትርፌ፤ እንባዋ ቀርቧል።

አቶ ሐብተማርያምም ሳይወድ ፈገግ አለ። “እናቴም ብትሆን ይህንኑ ታደርግ ነበር ነው የሚለው። ሚስተር ያን ደግሞ ያንቺ ሥራና የኛ ሥራ አንድ ነው ይላል። እኛም ውሃውን አስቀምጠን እናጠልለዋለን፣ የረጋውን አድርቀን እንመዝነዋለን። አንቺ እኛ የምንደፋውን ላክሽልን፤ እኛ የምንፈልገውን ለእንሰት ሰጠሽው።”

አሁን ሳቁ ሰዉን ሁሉ ያዘው። ጩማ “እንግዲህ እንሰትሽን ነቅለው ይመዝኑት!” ሲል ዳልጮም ከጋቢው ውስጥ ሳቀ። ትርፌ ግን ወደ አቶ ሐብተማርያም ጠጋ አለች።

“ጌታዬ፣ ወረቀቱ ይቀየር ይሆን?”

ሳቁ በረደ። እንግዶቹ ተነጋገሩ። አቶ ሐብተማርያም ጣቱን አነሳ። “እዚህ የምንቆየው ሦስት ቀን ነው። በነዚህ ሦስት ቀናት አንድ ሙሉ ጎርፍ ካገኘን፣ እኛው በእጃችን እንሞላዋለን፣ ሶዶ ድረስ ሳንሄድ እዚሁ እንመዝነዋለን። አንድ ጎርፍ። ካልመጣ ግን ወረቀቱ እንዳለ ይሄዳል። ለሁለት አገር የሚቀርብ ወረቀት በአፍ ቃል አይታረምም።”

በመጀመሪያው ቀን ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ሐምሌ መሆኑን የረሳ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ቀን ካፊያ አለፈ፤ ቅጠል እንኳ አላረጠበም። ትርፌ ከደጇ ቆማ ወደ ደጋው ታያለች። ሰባት ዓመት ሙሉ ደመና ባየች ቁጥር ትሸበር ነበር፤ አሁን ደመና በማጣቷ ትሸበራለች።

“አንቺ ሴት” አላት ዳልጮ፣ “ሰባት ዓመት ዝናቡን አቁም ብለሽ ጸለይሽ። አሁን ደግሞ አምጣ ትያለሽ። አምላክ የትኛውን ይስማ?”

“የኋለኛውን” አለች። “የፊተኛውንማ አልሰማኝም።”

በሦስተኛው ቀን ሁሉም ወደ መሻገሪያው ወረዱ። እኩለ ቀን ሆነ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ቀይ ወንዝ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ከጉልበት በታች ይሄዳል። በቅሎዎቹ ተጭነዋል። ሆላንዳዊው ሰዓቱን አየ። አቶ ሐብተማርያም ሊናገር አፉን ሲከፍት ኤካይ እጁን አነሳ።

መጀመሪያ የሰሙት ድምፅ አልነበረም። ዝምታ ነበር። በወንዙ ዳር ያሉ እንቁራሪቶች አንድ ላይ ዝም አሉ። ከዚያ ነፋስ መጣ፤ ቅጠል የማያነቃንቅ፣ መሬት መሬቱን የሚሄድ፣ እርጥብ አፈር አፈር የሚሸት ቀዝቃዛ ነፋስ። ከዚያ ከምድር ሥር አንድ ነገር ያጉረመርም ጀመር፤ ትርፌ በጆሮዋ ሳይሆን በእግሯ ነው የሰማችው። በላያቸው አንድም ደመና የለም። ዝናቡ እነሱ ከማያዩት ከደጋው ላይ ጥሎ ነበር።

“ወደ ዳሩ አለት!” ብሎ ጮኸ አቶ ሐብተማርያም።

ከአለቱ ላይ ቆመው አዩት። በወንዙ ጥምዝ ላይ ግድግዳ ወጣ። ግድግዳው ውሃ አይመስልም፤ ግንድ፣ ድንጋይ፣ ሥር፣ አረፋ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚመጣ ይመስላል፣ ግን ዓይን ጨፍነው ሲገልጡ ከእግራቸው ሥር ነው። ሥሩ ወደ ሰማይ የተገለበጠ ሙሉ እንሰት እንደ ሰው እየተሽከረከረ አለፈ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ አጥር ከነመዝጊያው አለፈ። የወንዙ ድንጋዮች ከውሃው በታች ሲጋጩ የሚሰበር የበሬ ቀንድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ትርፌ ሰባት ዓመት ከአፋፉ ላይ ሆና ጎርፍ አይታለች፤ ያየችው ግን የሌባውን ጣት ነበር። ዛሬ መላ አካሉን አየችው። ፍርሃቷ ከሰውነቷ ወጥቶ የት እንደሄደ አላወቀችም። ሰው እንደዚህ ያለ ነገር ፊት ሲቆም የሚፈራበት ቦታ እንኳ አያገኝም።

“ቁጥር!” አለ አቶ ሐብተማርያም። “ወይዘሮ ትርፌ፣ ቁጥሩን!”

ሳንቃው በውሃው መካከል ይንቀጠቀጣል። አየች። “ሁለት ከአርባ… ሦስት… ሦስት ከስልሳ!” ብላ ጮኸች። ጽፋ ቀና ስትል ሳንቃው አልነበረም።

ኤካይ እንደ ዓሣ የተሠራ ከባድ ብረት በገመድ አንጠልጥሎ ወደ ውሃው ለቀቀው። ጠርሙሱ ያለው በብረቱ ሆድ ውስጥ ነው። ጎርፉ ብረቱን ያዘና ገመዱን ወጠረው። የኤካይ እግር ተንሸራተተ። ትርፌና ዳልጮ ገመዱን ከኋላው ያዙ፤ ሆላንዳዊው ወገቡን አቀፈ፤ አራት ሰው ሆነው አንድ ጠርሙስ ጎተቱ። ብረቱ ሲወጣ አቶ ሐብተማርያም በሁለት እጁ ተቀበለው፤ አዲስ የተወለደ ልጅ እንደሚቀበሉት።

ጠርሙሱን የሞላው የጎርፍ ቡሆ ነበር። አለት ላይ አኖሩት። ማንም እንዲነካው ትርፌ አልፈቀደችም፤ እንግዶቹም እንደ ትእዛዝ ተቀበሏት። ጎርፉ ከሥራቸው እያገሳ እነሱ በጠርሙሱ ዙሪያ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከታች ሁለት ጣት የሚሆን ቀይ አፈር ረግቶ ነበር። ሆላንዳዊው የረጋውን አፈር ልክ፣ የውሃውን ስፋት፣ ጥልቀትና ፍጥነት በደብተሩ ጽፎ አባዛ፣ ደመረ፣ እንደገና አባዛ። ደብተሩን ለአቶ ሐብተማርያም ሰጠው።

“ምን ያህል ነው?” አለች ትርፌ።

“በግምት ነው” አለ አቶ ሐብተማርያም። “እዚህ በተቀመጥንበት ጊዜ ብቻ ያለፈው አፈር በበቅሎ ይጫን ቢባል ሁለት መቶ ሺህ ጭነት ነው።”

እሷ የተማረችው እስከ አንድ ሺህ ነበር። ሺህን ሁለት መቶ ጊዜ መደርደር ሞከረች። የበቅሎዎቹ ሰልፍ ከወንዙ ተነስቶ ቁልቁለቱን ሲወጣ፣ ቤሌን ሲያልፍ፣ ሶዶ ሲደርስ፣ ሶዶን አልፎ ሲሄድ ታያት፤ የመጨረሻዋ በቅሎ ግን ገና ከወንዙ ዳር አልተጫነችም። የምታስበው አለቀባት። ይህን ሁሉ አንድ ወንዝ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ያለ በቅሎ፣ ያለ ነጂ።

“የት ነው የሚያደርሰው?” አለች።

የመለሰላት ኤካይ ነው። በዱላው እርጥብ አሸዋ ላይ ሐይቁን ሣለ። “ሐይቁ ሰማያዊ ነው” አለ። “የእናንተ ክረምት ሲገባ ግን ቡናማ ምላስ ከኦሞ አፍ ወጥቶ ወደ ሐይቁ ይዘረጋል። በታንኳ ቀኑን ሙሉ ስትቀዝፍ ዳሩ ላይ አትደርስም። አያቴ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ቦታ ዛሬ መሬት ነው። እናቴ ጎርፉ ሲሸሽ በዚያ አዲስ ጭቃ ላይ ማሽላ ትዘራለች። እኔን ያሳደገኝ ያ ማሽላ ነው።”

አቶ ሐብተማርያም ተርጉሞ ሲጨርስ ትርፌ ኤካይን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። ይህ ሰው የበላው የማንን አፈር ነው? የእናቷን፣ የአያቷን፣ ሰው ስሙን የማያውቀው የጥንት ሰው ማሳ፤ በሰው ጀርባ ፍግ እየተሸከሙ ያደለቡት አፈር ወርዶ ወርዶ፣ ቋንቋውን በማትሰማው አገር፣ ይህን ጠይም ሰው ሆኖ ቆሟል።

ሆላንዳዊውም ሲሰማ ቆይቶ ተናገረ። “የእኔ አገር መሬት አብዛኛው ደለል ነው። ከላይ ካሉ አገሮች ወንዝ ያመጣው። እኛ የምንቆመው እነሱ ባጡት ላይ ነው።”

“ታዲያ አይመልስላቸውም?” አለ ጩማ፤ ሆላንዳዊውም ሲተረጎምለት ጮክ ብሎ ሳቀ።

ከሳቁ በኋላ ግን ቀይ ወንዝ መመረጡን ተናግሮ የክትሩን ሥዕል አወጣ። ያሰበው አንድ ትልቅ ክትር ነበር፤ ቀይ ወንዝ ኦሞ ውስጥ ከሚገባበት አፍ ላይ፣ የሚመጣውን ደለል ሁሉ የሚይዝ። ኤካይ ራሱን ነቀነቀ። ደለሉ ሲበዛ ሐይቁ ዳር የኦሞን አፍ ዘግቶ ውሃው በከብቶቻቸው ላይ እንደሚገለበጥ አስረዳ። “ስለዚህ ይቀንስ። ግን ሁሉን ከያዛችሁ እናቴ ምን ላይ ትዝራ?” ሁለቱ በእንግሊዝኛ ይከራከሩ ጀመር። አቶ ሐብተማርያም መተርጎሙን ተወ።

“ምን እያሉ ነው?” አለች ትርፌ። ነገራት።

“ያ ክትር ከተሠራ የኔ ቦረቦር ይቆማል?”

“አይቆምም” አለ አቶ ሐብተማርያም ጥቂት አስቦ። “ከታች ነው። የሚይዘው ከእናንተ ቤት ከሄደ በኋላ ነው።”

“እንግዲያውስ ለማን ነው የሚሠራው? እኔን አያድነኝም፣ የእሱንም እናት ይጎዳል።” ከዚያ ያለችው ነገር ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት። “ወንዙ ከጥንትም የሚወስደው አለ፤ ያ የወንዙ ድርሻ ነው፣ ይሂድላቸው። ከቦረቦሩ የሚናደው ግን በኔ ዕድሜ የጀመረ ስርቆት ነው። እሱን ከላይ ያዙት። በትንሽ በትንሹ፣ በየቦረቦሩ። ከታች አትዝጉት።”

አቶ ሐብተማርያም ትክ ብሎ አያት። ወደ እንግዶቹ ዞሮ ሲተረጉም “አንድ ገበሬ” ወይም “አንዲት ሴት” አላለም፤ ስሟን ሲጠራ ሰማች። ሆላንዳዊው እርሳሱን ጥርሱ ውስጥ አድርጎ ሥዕሉን አገላበጠ። ከኋላው ባዶ ነበር። እዚያ ላይ፣ ከላይ ከደጋው ጀምሮ፣ ትንንሽ መስመሮች ይሥል ጀመር። ኤካይ እየጠቆመ ያስጨምረዋል።

“እስቲ እርስዎም ያሳዩን” አላት አቶ ሐብተማርያም። “ቦረቦርዎ በየት በኩል ነው?”

ወረቀቱ አዲስ አበባ ሄደ፣ ናይሮቢ ሄደ። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ትርፌ ተስፋ መቁረጥ ስትጀምር በጥር ወር የብረት ሽቦና መዶሻ የጫነ መኪና ቤሌ ደረሰ። መንደሩ ድንጋይ አቀረበ፤ ወንዱ ካበ፣ ሴቱ ተሸከመ። በእሷ ቦረቦር ውስጥ ሦስት ክትር ተሠራ፤ ከፍተኛው እስከ ደረቷ። ያ በመሻገሪያው ላይ ያየችው ነገር ቢመጣ ይህን ድንጋይ በጣቱ አይገፋውም? ደግማ ደጋግማ በደብዳቤ ጠየቀች። አቶ ሐብተማርያም የጻፈላት መልስ አጭር ነበር፤ ራሷ ነች ያነበበችው፦ ጎርፍ የሚያድገው ሲሮጥ ነው፤ ገና ልጅ ሳለ አስቀምጡት።

በ1957 ዓ.ም. ሰኔ አሥራ አራት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ በቁልቁለቱ ላይ ተቀደደ። ዳልጮ ልጆቹን ወደ ጎረቤት ላካቸው። ትርፌ ግን የእንሰት ቅጠል በራሷ ላይ ይዛ ከአፋፉ ቆመች። ውሃው ከየማሳው ተሰብስቦ እንደልማዱ እያገሳ መጣ፣ ወደ ቦረቦሩ ዘለለ፣ ከመጀመሪያው ክትር ጋር ተላተመ።

ክትሩ አቃሰተ። ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰ፣ በራሱ ላይ ተጠመጠመ፣ ከፍ አለ። ከዚያ ትርፌ በስምንት ዓመት አይታው የማታውቀውን አየች፤ ጎርፉ ቆመ። ያ የሚያገሳው ነገር ከድንጋዩ ኋላ ተኝቶ፣ ዝናቡ ፊቱን እየነቀሰው፣ ጸጥ ያለ ቀይ ኩሬ ሆነ። ከክትሩ አናት ላይ ቀጭን ውሃ እየተንጠባጠበ ወደ ሁለተኛው ይወርዳል፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። የጠራ አልነበረም፤ ገና ቀላ ያለ ነበር። እንደዚያው ቀላ እንዳለ ወደ ዞኦ ሻፋ፣ ከዞኦ ሻፋ ወደ ኦሞ፣ ከኦሞም ማሽላዋን ይዛ ጭቃ ወደምትጠብቀው ሴት ይሄዳል። ከኩሬው ሥር ደግሞ፣ ዓይን በማያየው ጨለማ ውስጥ፣ አፈሩ ማንም ሳይነካው እየረጋ ነው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፤ የሚሄደውም የሚቀረውም። ትርፌ የእንሰት ቅጠሉ ከእጇ መውደቁን አላወቀችም።

ዳልጮ ከጎኗ ቆሞ ነበር። ዝናቡ ከጢሙ ላይ ይንጠባጠባል።

“ቆመ” አለ። “አየሽው? ቆመ እኮ።”

“አየሁት።”

“ምነው ታዲያ ፊትሽ?”

ትርፌ ዓይኖቿን በእጇ ጠርጋ ወደ ታች አጎንብሳ አየች። “በቀኝ በኩል፣ ከዳሩ ጋር ከሚገናኝበት፣ ውሃ እያሾለከ ነው” አለች። “ሂድ ጩማንና ልጆቹን ጥራ። ድንጋይ ይዘው ይምጡ፤ ትልልቁን ሳይሆን ትንንሹን።”

ዳልጮ ሮጠ። እሷም ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ቦረቦሩ መውረድ ጀመረች።